የቅሬው ድንኳን

ኢዘዲን ደረሰኝ የማይጥል ሰው ነው። ከግራና ከተማ በላይ ባለችው መንደራቸው ሬሳ የሚያነሳው፣ ድንኳን የሚተክለው ማኅበር፣ ቅሬው፣ የጤና መድን መዋጮንም በየዓመቱ ጥር ላይ ሰብስቦ መርሳ ከተማ ያደርስ ነበር። ዘንድሮ መዋጮው ጨመረ ሲሉት እያጉረመረመ ፍየሉን ሸጠና ለቅሬው ሰብሳቢ ለሸህ አብዱልሐሊም አስረከበ። ደረሰኙን ተቀብሎ ሳጥን ውስጥ ቆለፈበት።

ሰኔ ላይ ሚስቱ ዘሀራ ጎኗን ይዛ ወደቀች። መርሳ ያያት ሐኪም የሐሞት ጠጠር ነው፣ ቶሎ ወልድያ ሄዳ ኦፕራሲዮን ትሁን አለ።

«አይዞሽ፣ ለዚህ ቀን አይደል የከፈልነው» አላት ኢዘዲን።

እዚያው ጤና ጣቢያ የመድን መስኮት ላይ የምትሠራው ፍሬሰላም ስሙን ኮምፒውተሩ ላይ ሁለቴ ፈለገች። «አባቴ፣ የእርስዎ አልታደሰም።»

«ይኸው ደረሰኙ።»

«ይሄ የቅሬ ነው። ከዘንድሮ ጀምሮ አባወራው ራሱ ባንክ ነው የሚከፍለው።»

«እንግዲያው አሁን ልክፈል።»

«ምዝገባው የካቲት ላይ ተዘጋ። እስከ ጥር አይከፈትም።» ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ፊቷን እንኳ ማየት ያሳዝን ነበር። ግን ማዘን በሽተኛ አያስተኛም።

ኢዘዲን በዚያው ሸህ አብዱልሐሊም ቤት ሄደ። «ሸህ፣ ገንዘቤን የት አደረሱት?»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። «የባንኩን ነገር እኔም ዘግይቼ ነው የሰማሁ። ለየቤቱ እንመልሰው ብዬ መጋቢት ላይ ጉባኤ ጠራሁ። ሰዉ ድንኳኑ ተቀዷል፣ አዲስ ይገዛበት አለ። አንተም እጅህን አውጥተሃል እኮ፣ ልጄ።»

እውነታቸውን ነው። ያን ቀን ከጎኑ ካለው ሰው ጋር ስለ በሬ ዋጋ ሲያወራ ነበር፤ ሰው ሁሉ እጁን ሲያወጣ እሱም አወጣ። የምን ገንዘብ ነው ብሎ መጠየቅ እንኳ አልመጣለትም። አሁን ያቺን እጁን ቢቆርጣት ደስ ባለው።

በሬውን ሸጦ፣ ከዘመድ ለምኖ ወልድያ እስኪያደርሳት አሥራ ሰባት ቀን ፈጀ። ሐኪሙ ሐሞቷ ፈንድቷል፣ ዘግይታችኋል አለው። ዘሀራ በሦስተኛው ቀን ሞተች።

ቅሬው ምንም አላጎደለም። መቃብሩ በጊዜ ተቆፈረ፣ አዲሱ ድንኳን ደጁ ላይ ተተከለ። ከሰዓት በኋላ የሐምሌ ዝናብ ወረደ፤ አንዲት ጠብታ አልገባም። ለቀስተኛው ቀና እያለ፣ ጥሩ ሸራ ነው ተባባለ። ኢዘዲን መሬት መሬቱን አየ እንጂ አንድም ጊዜ ቀና አላለም።