ሁለት ዘይት በአንድ ታንከር

እና ለኃይል ማመንጫችን ከሰሉ ቀረ፣ እሰይ፣ እርጥብ ከሰል ወፍጮውን እንደሚያንቀው ለማስረዳት ምራቄ እስኪደርቅ ለፍቻለሁ፣ ለጋዙ ቧንቧው ገና አልተዘረጋም፣ የቀረን ጥቁሩ የነዳጅ ዘይት ነው፣ ያውም አዲሱ፣ ርካሹ፣ አሮጌው ባልተሟጠጠበት ታንከር ላይ ነገውኑ ይገልበጥ ይላሉ ጋሼ፣ በስብሰባ ሥራ አስኪያጄ፣ በቤት አጎቴ፣ የኃይል አቅርቦቱ ለአፍታም መቋረጥ የለበትም፣ ታንከር ስናጥብ ከተማው በጨለማ ይደር እንዴ፣ ሁሉም ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ። ምን ያስገለፍጠኛል?

ዘይቶቹ አይስማሙም። ሁለቱን ብርጭቆ ውስጥ ቀላቅዬ ባሳድራቸው እንደ ተበላሸ ወተት ረጉ፣ ከታች አተላ፣ አተላው ማቃጠያውን ይደፍናል፣ እሳቱ ድርግም ይላል፣ ዘይቱ ግን መንጠባጠቡን አይተውም፣ ከዚያ አንዱ መልሶ ሲለኩሰው፣ በቃ፣ ምድጃው ይፈነዳል። እዚያ የሚቆመው ወንድሜ ነው። የእናቴ ልጅ፣ ታናሼ፣ ነገ ተረኛ።

ይሄ መስኮት አይከፈትም እንዴ፣ አየር የለም እኮ። ተናገሪ በይ። ለማን? አባታችን ሲሞት እኔን በአንድ እጅ፣ ታናሼን በሌላው ይዘው ቤታቸው ያስገቡን ጋሼ ናቸው፣ ያስተማሩኝ እሳቸው፣ እዚህ ወንበር ላይ ያስቀመጡኝ እሳቸው፣ በሰው ፊት አይሆንም ልበላቸው? ያጎረሰ እጅ ሊነከስ? ትናንት ቢሯቸው ድረስ ሄጄ ነግሬያቸዋለሁ፣ ልጄ፣ ብርጭቆና ታንከር አንድ አይደለም አሉኝ፣ ሻይ አዘዙልኝ፣ ጠጣሁት። ፈሪ። ፈርቻለሁ፣ ምን ይደረግ።

ስልኬን ከጠረጴዛው ሥር፣ ነገ አሞኛል ብለህ ቅር፣ ለምን አትበለኝ፣ ላክሁት፣ ተመስገን፣ ልቤ መለስ አለልኝ፣ እሱ ይትረፍልኝ እንጂ ሌላው ዕዳው ገብስ ነው፣ ጋሼም አይቀየሙ፣ ከተማውም መብራት አያጣ።

ነዘረ። እሺ እታለም፣ ግን ማን ይቁምልኝ?

ማን። ማን ይቁምለት። የሥራ ጓደኞቹን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ፣ ያ ሳቂታው ሽማግሌ፣ ጡረታው የደረሰው? ባለመነጽሩ፣ ሚስቱ ገና አራስ ቤት ያለችው? ማንን ልበለው፣ ምን ብዬ ልጻፍ።

በሉ የምትስማሙ እጅ አውጡ ይላሉ ጋሼ፣ አንዱ አወጣ፣ ሌላው፣ ሁሉም፣ ወደኔ ዞሩ፣ ልጄ፣ አንቺን ብቻ ነው የምንጠብቀው፣ ስልኩ ደግሞ ነዘረ፣ አታስቢ እታለም፣ ባለመነጽሩ እኔ እገባልሃለሁ ብሎኛል፣ አንብቤዋለሁ፣ አላነበብኩትም ልበል፣ እጄ ከጭኔ ላይ ተነሳ፣ አንተ እጅ፣ ወዴት ነው የምትሄደው፣ ተመለስ፣ ጋሼ ፈገግ ይላሉ፣ ጎሽ፣ የኔ ልጅ