ምንም በሌለበት በኩል

ከባቡር ጣቢያው በላይ ሠላሳ ፎቅ መኖሪያ ሊገነባ ነው የተባለ ጊዜ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ዓይን አንድ ሰው ላይ አረፈ። ሰውየው ሞዴል ሠሪ ነው። አርክቴክቶች የነደፉትን ሕንፃ በካርቶንና በእንጨት አሳንሶ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ አድርጎ ይሠራል። ዕድሜውን የጨረሰው በዚሁ ነው። ሃምሳውን ካለፈ በኋላ እንኳ እናቱ "የኔ ልጅ አሁንም በካርቶን ቤት ይጫወታል" እያለች ጎረቤት ታሳቅበት ነበር። የጣቢያውን ፎቅ ሞዴል እንዲሠራ የታዘዘው እሱ መሆኑ ሲሰማ ግን ቀልዱ ቀረ።

ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የሚኖረው ከእናቱ ጋር፣ ከጣቢያው ጀርባ ካለው የቤቶች ረድፍ በአንዱ ነው። እናቱ ጉልበቷን ብርድ ይዞታል። በብርድ ወራት ጠዋት ጠዋት ወንበሯን በረንዳ ላይ አውጥታ እግሯን ለፀሐይ ካልሰጠች ቀኑን ሙሉ ከአልጋ መውረድ አይሆንላትም። ሐኪም የሰጣት ኪኒን ሁሉ ሆዷን እያቃጠለ ሲያስቸግራት ያልከዳቻት ፀሐይዋ ብቻ ናት። ስለዚህ የፎቁን ወሬ የሰማች ዕለት ከልጇ ማወቅ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

"ፎቁ ፀሐዬን ይወስድብኛል እንዴ?"

"እንጃ እማዬ። ሠርቼ ስጨርስ ይታያል። ያንቺንም ቤት ከነበረንዳው እሠራዋለሁ፤ ስብሰባው ላይ መጥተሽ ታይዋለሽ።"

ሌላ ሴት ብትሆን ይህን ሰምታ ዝም ትላለች። እሷ ግን ቤት ለቤት ዞረች። ለልብስ ሰፊዋ ጎረቤት፣ ለጡረተኛው የባቡር ነጂ፣ ለሁሉም፣ ልጄ አለበት አትስጉ እያለች አረጋጋቻቸው። ልጁን እናቱ አመነችው፣ እናቱን ሰፈሩ አመናት።

ሞዴል ሠሪዎች ዘንድ ያልተጻፈ ሕግ አለ። ሊሸጥ የታሰበው ሕንፃ መስኮቱ፣ በሩ፣ የሰገነቱ አበባ ሳይቀር ይወጣለታል። በዙሪያው ያሉት የሰው ቤቶች ግን ነጭ ድፍን ሆነው ይቀራሉ፤ በርም መስኮትም የላቸውም። ዓይን ወደ ፎቁ እንዲሄድ ነው ይባላል። እሱም ይህን ሕግ ያለ ማጉረምረም ሲጠብቅ ኖሯል፤ እነዚያ ነጫጭ ቤቶች ውስጥ ማን እንደሚኖር ጠይቆ አያውቅም። የእናቱ ቤት ጋ ሲደርስ ግን እጁ እምቢ አለው። ከጥፍሩ የምታንስ በረንዳ ቆርጦ ለጠፈላት። ማስቲሹ እስኪደርቅ በጣቱ ይዟት ቆየ፤ ለብቻውም ፈገግ አለ።

ሥራውን ከማስረከቡ በፊት ደግሞ የማይተዋት ልማድ አለችው። መጋረጃውን ዘግቶ፣ የጠረጴዛ መብራት በእጁ ይዞ ሞዴሉን ቀስ ብሎ ይዞረዋል፤ የተንጠባጠበ ማስቲሽ በጎን ብርሃን ቶሎ ይታያልና። የዚያን ዕለትም ሲዞር ሲዞር የብርድ ወራት ፀሐይ በምትመጣበት በኩል ደረሰና መብራቱን ዝቅ አደረገው። የፎቁ ጥላ ተጋድሞ በረንዳዋን ዋጣት። መብራቱን ከጠዋት ወገን ወደ ማታ ወገን ወሰደው። ጥላውም አብሮ ሄደ፤ ግን ፎቁ ጎነ ሰፊ ስለሆነ ከረድፉ ላይ አልወርድ አለ። የልብስ ሰፊዋን ቤት፣ የባቡር ነጂውን ቤት፣ ሁሉንም እንደ አንድ ብርድ ልብስ ሸፈናቸው። የመብራቱ ጥፋት በሆነ ብሎ ደጋግሞ ሞከረው። መብራቱ ምን ያድርግ።

አርክቴክቷን ጠርቶ አሳያት። ልጁ ልትሆን የምትችል፣ እንቅልፍ ከማጣት ዓይኗ የቀላ ልጅ ናት፤ ክፉ አይደለችም። ጥላውን አየችና ወንበር ስባ ተቀመጠች። እሷም እንደምታውቅ፣ ፎቁን ለሚያስገነቡት ባለሀብቶች ነግራ ቁጣ እንደ ቀመሰች፣ ፎቁ ዝቅ ይበል የሚል ሰው ሥራ ይልቀቅ እንደተባለች ነገረችው። ነዋሪው ከጠየቀ መልስ ተዘጋጅቷል፤ ካልጠየቀ ማንም እንዳያነሳው ተብሏል። ይህን ብላ ሌላ ጣጣ አመጣች። የስብሰባው አዳራሽ በር ጠባብ ነው። ሞዴሉ የቆመበት ችፑድ በዚያ በር አይገባም፤ ከአንድ ወገኑ መቆረጥ አለበት።

በየት በኩል እንደሆነ ጠየቃት። ሞዴሉን ቃኘችው። በአንድ ወገን ሐዲዱ፣ በሌላው ወገን ባለሀብቶቹ የሚወዱት መናፈሻ ከነዛፉ። ጣቷ ወደ ነጫጮቹ ቤቶች ሄደ።

"ምንም በሌለበት በኩል ይቁረጡት ጋሼ።"

የእናቴ ቤት ነው ሊላት ቃሉ ከንፈሩ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ወገቡ ተቆርጧል፣ ጣቶቹም መንቀጥቀጥ ከጀመሩ ሰንብተዋል። ሞዴል የሚያትም ማሽን ከመጣ ወዲህ ደግሞ የእጅ ሥራ የሚያዘው ይኸው ቢሮ ብቻ ነው። ጨቅጭቆ የሚያሸንፍበት አቅም አልነበረውም፤ እውነቱን ለመናገር ለመጨቃጨቅም ሰልችቶታል። ዝም አይነቅዝም ብሎ መጋዙን አነሳ። ረድፉ በሙሉ ወለል ላይ ወደቀና ከፍርፋሪው ጋር ተጠረገ። ቤት ሲገባ እናቱ በረንዳዬን ሠራኸው ወይ አለችው። ሠርቼዋለሁ አላት። ውሸት አልነበረም፤ ከውሸት ግን አይሻልም።

ስብሰባው በትምህርት ቤት አዳራሽ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሆነ። ሰዉ ሞዴሉን ከቦ፣ መናፈሻውን እያየ፣ የሰገነቱን አበባ እያደነቀ ተጋፋ። ከጣቢያው ጀርባ ያሉት ቤቶች መቅረታቸውን ልብ ያለ አልነበረም። እናቱ ብቻ መነጽሯን አድርጋ ሐዲዱን ተከተለች፣ ጣቢያውን አለፈች፣ የችፑዱ ጠርዝ ላይ ደረሰች። እዚያ ጣቷ ቆመ። መጋዝ የበላውን ጠርዝ ዳበሰችው፤ ወደ መጣችበት ተመልሳ እንደ ገና ፈለገች። እሱ ከሞዴሉ አጠገብ እንደ ዘበኛ ቆሞ ያያታል። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ሁሉም ከተቀመጠ በኋላ የባለሀብቶቹ ተወካይ ረጅም ንግግር አደረገ። ጡረተኛው የባቡር ነጂ ብድግ አሉ።

"ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። ስለ መናፈሻው ሰማን፤ የኛስ ፀሐይ?"

ተወካዩ ስለ ጥናትና ስለ መስፈርት ማብራራት ጀመረ። የገባው ሰው ስለሌለ አዳራሹ ተንጫጫ። ባቡር ነጂው ወደ ሞዴል ሠሪው እናት ዞሩ።

"እትዬ፣ የሠራው ልጅዎ ነው። እርስዎ አይተውታል፤ ይንገሩንና እንረፍ።"

እናቱ ወንበሩን ተደግፋ ተነሳች። ልጇን አየችው። እሱ ጫማውን ያይ ነበር።

"ቤቴን አየሁት" አለች። "ፀሐይ አለው። ልጄ ነው የሠራው።"

ተወካዩ በፀሐይ ጉዳይ ነዋሪው ቅሬታ እንደሌለው፣ ይኸው በሚቀጥለው ሳምንት ለሚወስነው የከተማው ቦርድ እንደሚቀርብ ተናግሮ ስብሰባውን ዘጋ። ሰዎች ሲወጡ እየሳቁ የሞዴል ሠሪውን ትከሻ መታ መታ አደረጉት።

እናትና ልጅ ወደ ቤታቸው አዘገሙ። እሷ በክንዱ ተደግፋ በየጥቂቱ እየቆመች ሄደች። በረንዳው ላይ ስትደርስ ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች። ጥፋቱን ሊነግራት አፉን ከፈተ፤ በእጇ አስቆመችው።

"አታስረዳኝ። ቤቴ እንደሌለ አይቻለሁ፤ ምን ማለት እንደሆነም ገብቶኛል። ከሰው ፊት አንተን ማዋረድ አቃተኝና በዚህ ዕድሜዬ ዋሸሁ።" ጉልበቷን ማሸት ጀመረች። "የኔ ፀሐይ የኔ ናት፤ ውሰዳት ብዬ ልሰጥህ እችላለሁ። የጎረቤቶቼን ግን ከየት አባቴ አምጥቼ እሰጥሃለሁ?"

ከአጠገቧ ቢቀመጥ በወደደ። ካልተቀመጠ ግን ከዚያች በረንዳ የሚወስደው መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ ወደ ጎረቤቶቹ። ሥራው ትዝ አለው፣ ቢሮው ትዝ አለው፣ ከሰኞ በኋላ ማን ይጠራኛል ብሎም አሰበ። ከዚያ ቀና ብሎ አጥሩን ዞረና የልብስ ሰፊዋን በር አንኳኳ።

ልብስ ሰፊዋ ሜትር አንገታቸው ላይ እንደ ተንጠለጠለ ከፈቱለት። ሲያዩት ፊታቸው በራ።

"ግባ እንጂ ልጄ። እናትህ እኮ ዛሬ አሳረፈችን።"

ከደፉ አላለፈም።

"አልገባም እትዬ። የምነግርዎት ነገር አለ። ከሰሙኝ በኋላ ግባ ካሉኝ እገባለሁ።"