እርግብ ያልኳት እኔ ነኝ

ሰኞ ጠዋት አማካሪ የተባለው ሰውዬ አራት የወፍ ሥዕሎች ግድግዳችን ላይ ሲለጥፍ፣ መጀመሪያ ያየሁት ስህተቱን ነው። ንስር ብሎ የለጠፈው ጭልፊት ነበር። ግን አላረምኩትም። ስለ ወፍ ማውራት ከጀመርኩ ማቆሚያ የለኝም እየተባልኩ ስለምታማ፣ ቢያንስ እስከ ሻይ ሰዓት ላለመናገር ወስኜ ነበር።

የምንሠራው የአምቡላንስ ጥሪ መቀበያ ክፍል ውስጥ ነው። ስምንት ወንበር፣ ስምንት ስልክ፣ አንድ መስኮት። ሰው ጭንቅ ሲይዘው ይደውላል፤ አድራሻውን ተቀብለን መኪና እንልካለን፣ መኪናው እስኪደርስ ደግሞ ምን ማድረግ እንዳለበት እየነገርን አብረነው እንቆያለን። አማካሪው እንዳለው ከሆነ ሰው ሁሉ ከአራቱ ወፎች አንዱ ነው። ንስር ቆራጥ ነው፣ ጣዎስ ተጫዋች ነው፣ ጉጉት ጥንቁቅ ነው፣ እርግብ ደግሞ ገርና ሆደ ቡቡ። የመኪና ስምሪት ሠራተኛው "እኔን ጉጉት ያለኝ ሰው ካለ ተጣላን! ሟርተኛ ነኝ እንዴ?" ሲል ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳቅሁ። በዚያ ሳምንት የሳቅሁት ያኔ ብቻ ነው።

ቅጹ ሁለት ገጽ ነበር፤ አንዱ ስለራስ፣ ሌላው በቅርብ ስለምናውቀው ባልደረባ። "ሰው ስለራሱ ይዋሻል፤ ስለዚህ የምስክሩ ገጽ ይበልጣል" አለ አማካሪው። የእኔን ታናሽ እህቴ ሞላች፣ የእሷን እኔ። ጀርባ ለጀርባ ነው የምንቀመጠው። እናታችን ስትሞት እሷ ሰባት ዓመቷ ነበር፣ እኔ ሃያ ሁለት። ጸጉሯን አበጥሬ፣ የቤት ሥራዋን አሠርቼ፣ "ጫጩቴ" እያልኩ አሳደግኳት። ዛሬ ሠላሳ ሞልቷታል፤ በእኔ ምክንያት ክፍሉ ሁሉ ጫጩት ነው የሚላት። ጥሪ ሲከብድባት እጄን በትከሻዋ በኩል ሰድጄ መስመሩን ወደ እኔ እወስደዋለሁ። አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ አድርጌያለሁ። አንድም ቀን ተቆጥታኝ አታውቅም።

የቅጹ የመጨረሻ ጥያቄ፣ ከሁሉም ብዙ ነጥብ የያዘው፣ "ይህ ሰው ወፍ ቢሆን የትኛው ነው?" ይላል። ቀና ብዬ በመስኮቱ አየሁ። ከውጭ፣ የኤሲው ሳጥን ላይ፣ አንዲት እርግብ ሁለት እንቁላሎች ታቅፋለች። ባለፈው ሳምንት ጠጋኙ መጥቶ ሳጥኑን በመዶሻ ሲቀጠቅጥ፣ እኛ ጆሯችንን ይዘን ስንጮህ፣ እሷ ንቅንቅ አላለችም። ንስር ግን ቁራ ሲያዋክበው ቦታውን ጥሎ ሲሄድ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ስለዚህ እስክሪብቶዬን ጫን አድርጌ "እርግብ" ብዬ ጻፍኩ። ለሰው የምሰጠው ከዚያ የበለጠ ምስጋና የለኝም።

ሐሙስ ጠዋት ውጤቱ በቢጫ ካርድ መጣ። እኔ ንስር፣ እሷ እርግብ። ከካርዶቹ ጋር አንድ ማስታወቂያ ተለጥፏል፦ እርግብ የሆነ ሠራተኛ ከሰኞ ጀምሮ ከስልክ ተነሥቶ ምድር ቤት መዝገብ ክፍል ይገባል። ከስምንታችን እርግብ የሆነችው እሷ ብቻ ናት።

"አንቺ ነሽ የጻፍሽው?" አለችኝ። ሁልጊዜ "እትዬ" ነበር የምትለኝ።

"ስሚኝ ጫጩቴ፣ እኔ እርግብ ስል እንደነሱ አይደለም። ያቺን አታያትም? በመዶሻ ሲደበድቡባት እንኳ…"

"እሱንስ እሺ። 'ሌላ ሰው ሳያግዘው ይወስናል' ለሚለው ምን አልሽ?"

"አንዳንዴ" ብዬ ነበር።

"'ከከባድ ጥሪ በኋላ ቶሎ ይረጋጋል' ለሚለውስ?"

"አይረጋጋም" ብዬ ነበር። ባለፈው ክረምት እናቱ መስመር ላይ እያለች አንድ ሕፃን ሲሞትባት ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም፤ እኔም ሁለት ቀን በሯ ላይ ቆሜ ስለምናት ነበር። ቅጹን ስሞላ የታየኝ ያ በር ነው። ፈርቼላት ነበር፤ ፍርሃቴን ግን የእሷ ጠባይ አድርጌ ጻፍኩት።

"ገባኝ" አለችና ዞራ ማዳመጫዋን አጠለቀች።

ረፋዱን ሙሉ ጥሪ በጥሪ ላይ ተደራረበ። መሃል ላይ ተነሥታ ስትሄድ ውኃ ልትጠጣ ነው ብዬ አሰብኩ። ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ልቤ አላስቀምጥ ስላለኝ ወደ አለቃችን ክፍል ገባሁ።

"አለቃ፣ የሞላሁት ቅጽ ልክ አይደለም። ይሰርዙልኝ።"

"እህትሽ እኮ መጥታ ውጤቱን ተቀብላ ፈርማለች" አለኝ፤ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የታሸገ ፖስታ እየጠቆመ።

"ምን ብላ?"

መነጽሩን አወለቀ። "'ከእህቴ በላይ የሚያውቀኝ ሰው የለም፤ እሷ ካለች ልክ ናት' ብላ።"

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

"ፊርማዋን ማንሣት የምትችለው ራሷ ናት" አለ። "ስድስት ሰዓት ላይ ተላላኪው መጥቶ ፖስታውን ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ይወስደዋል።"

እየሮጥኩ ስመለስ ጥሪ ላይ ነበረች። አንዲት ባልቴት ናቸው፤ ባላቸው ወጥ ቤት ውስጥ ወድቀው ትንፋሻቸው ጠፍቷል። መኪናው ሩቅ ነው።

"እማማ፣ ሁለቱንም እጅዎን ደረታቸው መሃል ያድርጉ። ጫን ያድርጉ። አብረን እንቁጠር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…"

የግድግዳውን ሰዓት አየሁ። ለስድስት አሥር ጉዳይ። መስመሩን ብወስድላት ለመሮጥ በቂ ጊዜ አላት። እጄ ሳላዘው ተነሣ፤ ትከሻዋ አጠገብ ሲደርስ ያዝኩት፤ ሁለቱንም እጆቼን ብብቴ ሥር ሸጎጥኩ።

"እንደደከመዎት አውቃለሁ። አያቁሙ እማማ፤ እኔም አላቆምም። አንድ፣ ሁለት…"

ስድስት ሰዓት ሞላ። ተላላኪው የፖስታ ቦርሳውን አንግቦ በኮሪደሩ ወደ አለቃችን ክፍል አለፈ። የእሷ ድምፅ አልፈጠነም፣ አልዘገየም። እኔን ያልበኛል፤ እሷ ትቆጥራለች። ስንት ጊዜ ይሆን ይህን ድምፅ ከአፏ የነጠቅኩት?

"ደረሱ" አለች በመጨረሻ። ማዳመጫዋን አውልቃ ሰዓቱን መዘገበች፤ ስድስት ሰዓት ከአራት። "ትንፋሻቸው ተመልሷል።"

"በሞቴ፣ ሂጂና ፊርማሽን አንሺ። የጻፍኩት ስላንቺ አይደለም፤ ስለ ራሴ ፍርሃት ነው።"

ብብቴ ሥር የተሸጎጡትን እጆቼን አየቻቸው። "ዛሬ አልነጠቅሽኝም።"

"አልነጠቅኩሽም።"

"እጅሽ ግን ተነሥቶ ነበር። ነጸብራቁ ስክሪኑ ላይ ይታየኛል፤ ሁልጊዜም ይታየኛል።" ተነሣች።

"አብሬሽ ልምጣ? እኔ ላስረዳው…"

"አንቺ ቁጭ በይ።"

ቁጭ አልኩ። በአለቃችን ክፍል መስታወት በኩል ተላላኪው ፖስታውን ይዞ አለቃው ጠረጴዛ አጠገብ ቆሞ ይታየኛል። እህቴ ስትናገር አየሁ፤ የምትለው አይሰማኝም። አለቃው ተላላኪውን አየው፣ እሷን አያት፣ ሰዓቱን አየ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ፖስታውን ተቀበለና ቀደደው፤ እሷም ጎንበስ ብላ ፊርማዋን ሰረዘች።

ስትመለስ ክፍሉ ሁሉ ዓይኑን ጣለባት። ልጠራት አፌን ከፈትኩ፤ "ጫጩት" የሚለው ቃል ግን አልወጣ አለኝ። እናታችን ያወጣችላትን ስም ጠራሁ። ለሃያ ሦስት ዓመት ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

ወንበሯ ጋ ሳትደርስ ቆመች።

"አቤት፣ እትዬ" አለች።