የታጠፈ ጣት

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው፤ ሀሰኖ የቀይዋን መኪና የፊት መብራት በጨርቅ ይወለውላል። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ የሚከፈት የጣሊያን የእሽቅድምድም መኪና ናት፤ አቶ ጉርሙ ሊሸጧት ከአዲስ አበባ እስከ አሰላ ነድተዋት መጡ።

«ገብስ ልትጭንባት ነው?» አለ የእህቱ ባል ቱሳ እየሳቀ። ሁለቱ አሥር ዓመት አብረው ፈረስ ነግደዋል። ሀሰኖ ለመኪናዋ ከሦስት ሺህ ተኩል ብር በላይ እንደማይከፍል የነገረውም ለእሱ ብቻ ነው።

በፈረስ ገበያ ወግ ሻጭና ገዢ እጃቸውን ከጋቢ ስር አገናኙ። ሀሰኖ የአቶ ጉርሙን ሁለት ጣት ያዘ፤ ሁለት ሺህ ማለቱ ነው። እሳቸው በተራቸው ሦስት ጣቱን ያዙ፤ ቀጥለው አራተኛውን ከመሐሉ አጠፉት።

ሀሰኖ ክው አለ። ጣት አጥፎ ግማሽ ማለትን እሱና ቱሳ ለብቻቸው የፈጠሩት ነበር፤ ሌላ ነጋዴ አያውቀውም።

«ይህን ማን አስተማረዎት?» አለ።

አቶ ጉርሙ ሳያስቡት ቱሳን አዩት። ቱሳ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገ።

«ዋጋዋ እኮ ነው፣ ወንድሜ።»

«የእሷንስ ሰማሁ። እኔን በስንት ሸጥከኝ?»

ሀሰኖ የጀመረውን መብራት ወልውሎ ጨረሰና ጨርቁን አጥፎ ኮፈኑ ላይ አስቀመጠው።