አራተኛው ጫፍ

የኔነሽ ለመንገድ ምልክት ነጭ ቀለም የተቀባውን ዛፍ በአንድ እጇ ይዛ ቆመች። የጫማዋን ማሰሪያ የምታጠብቅ መስላ ጎንበስ አለች እንጂ ማሰሪያውስ አልላላም ነበር። ሁለት ኮረብታ ወጥታ ወርዳለች፤ ይኼ ሦስተኛው ነው። ሃያ እርምጃ ያህል ቀድማት የምትሄደው ልጇ ሩሃማ ዞር ብላ እንዴት ነሽ አለቻት።

"ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሂጂ፣ እደርስብሻለሁ።"

ደህና አልነበረችም። እጇ ይንቀጠቀጣል፤ በአንገቷ የሚወርደው ላብ ቀዝቃዛ ነው። ሐኪሙ ስኳር አለብሽ ካላት ሁለት ዓመት አልፏታል፤ ከጎረቤቷ ከቆንጂት በቀር ይህን የነገረችው ሰው የለም። መጀመሪያ የደበቀችው ያለምክንያት ነው። የኛ ሰው በሽታውን የሚሸሽገውን ያህል ጥፋቱን እንኳ አይሸሽግም። ኋላ ግን ምክንያትም አገኘችለት።

ሩሃማ የድልድይ መሐንዲስ ናት። ስኮትላንድ፣ ኢንቨርነስ የሚባል ከተማ ሥራ ተሰጥቷት እስከ ሰኞ መልስ እንድትሰጥ ተነግሯታል። እሷ ግን ሳምንቱን ሙሉ አስብበታለሁ ትላለች እንጂ አትፈርምም። አባቷ ከሞተ ወዲህ ቶሮንቶ፣ ሬክስዴል ያለው አፓርታማ ውስጥ እናትና ልጅ ብቻቸውን ናቸው። የኔነሽ ኤርፖርቱ አጠገብ ካለው የአውሮፕላን ምግብ ማዘጋጃ ስምንት ሰዓት ቆማ ውላ ትመጣለች፤ ልጇ የምታመነታው ለእሷ ብላ እንደሆነም አልጠፋትም። ስኳሩንማ ብትሰማ በቃ፣ ስኮትላንድ ቀረች ማለት ነው።

ስለዚህ ዘዴ ዘየደች። ሩሃማ ባለፈው ሳምንት እዚያ አገር ያሉ ሰዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ወጥተው በአንድ ቀን አራት አምስት የተራራ ጫፍ እንደሚያዳርሱ በቪዲዮ ስታሳያት፣ ይቺማ ምን አላት፣ እኔም እወጣታለሁ አለች። ልጅቷ ሳቀች፤ እናት ግን የምሯን ነበር። ከቶሮንቶ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል የሚያስነዳ፣ አራት ኮረብታ ተያይዞ የሚገኝበት የእግር መንገድ አስፈለገቻት። አራቱን ከወጣሁ ጤነኛ መሆኔን በዓይኗ ታያለች፣ ሰኞ ትፈርማለች፤ ሐሳቧ ይኸው ነው።

ሐሳቡ ባልከፋ፣ ጊዜው ፍልሰታ ባይሆን ኖሮ። የኔነሽ ፍልሰታን ከልጅነቷ ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳትቀምስ ነው የምትጾመው። የንስሐ አባቷ ስኳር እንዳለባት ቢያውቁ አትጹሚ ይሏታል፤ እሷ ደግሞ ይህን ስለምታውቅ ለእሳቸውም አልነገረችም። ዛሬ ጠዋት ቁርስ ብትበላ ሩሃማ ምን ነካሽ ማለቷ አይቀርም። እናም ኪኒኗን በባዶ ሆዷ ዋጥ አድርጋ መኪና ውስጥ ገባች። አይ የኔነሽ! ሐኪሙ ከምግብ ጋር ብሎ ስንቴ ነግሯት።

የመጀመሪያውን ኮረብታ እያንጎራጎረች ወጣችው። ሁለተኛው ላይ ሸምገል ያሉ ነጭ ባልና ሚስት በግራ በቀኝ ምርኩዝ ይዘው ሲያልፏት፣ ለአንድ ሰው ሁለት ምርኩዝ ምን ይሠራለታል ብላ አሾፈችባቸው። አሁን አንዱን ቢያውሷት በወደደች። ጥርሷን ነክሳ የቀረውን ዳገት ጨረሰችና ሦስተኛው ጫፍ ላይ ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ስትደርስ እግሯ ከዳት። ሩሃማ ብብቷን ይዛ አስቀመጠቻት። ባልና ሚስቱ ትንሽ ራቅ ብለው ሳንድዊቻቸውን ይበሉ ነበርና ቀና አሉ።

ሩሃማ ቦርሳዋን ከፍታ ጁስ አወጣች።

"ጠጪ።"

"ጾም ነው እኮ። ሙቀቱ ነው፣ አሁን ያልፋል።"

"ማሚ፣ ጠጪ። ስኳርሽ ወርዷል።"

የኔነሽ ክው አለች። የምን ስኳር ልትል አፏን ስትከፍት ሩሃማ ስትሮውን ከንፈሯ ላይ አደረገችላት፤ እንደ ሕፃን መጠጠችው። ከዚያ ልጅቷ ከዚያው ቦርሳ አንድ ትንሽ የስኳር መለኪያ አወጣች። የራሷ የየኔነሽ መለኪያ ነው፤ ኩሽና፣ የጥቁር አዝሙዱ ቆርቆሮ ውስጥ ደብቃ የምታስቀምጠው። ሩሃማ ጣቷን ወጋቻት። ሦስት ነጥብ አራት። ከአራት መውረድ አልነበረበትም።

ሌላ ጁስ ጠጣች፤ ለዘጠኝ ሰዓት ብላ የያዘችውን ዳቦ ቆሎም በላች። ሩብ ሰዓት ቆይተው ሲለኩ አምስት ነጥብ ሁለት ሆነ፤ እጇም ረጋ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?"

"ከፋሲካ። ድፎውን ስንጋግር ጥቁር አዝሙድ አምጪልኝ ብለሽ ራስሽ ላክሽኝ እኮ።"

"አራት ወር ሙሉ ዝም አልሽኝ?"

"እስክትነግሪኝ እየጠበቅኩሽ ነበር። ዛሬም ጠዋት ኩሽና ስትንጎዳጎጂ ተደብቀሽ የበላሽ መስሎኝ ነው እንጂ እዚህ ድረስ አላመጣሽም ነበር።"

የኔነሽ፣ በእኔ የተነሳ እንዳትቀሪ ብዬ ነው አለቻት። ስኳር ያለበት ሰው ስንትና ስንት እንደሆነ፣ ሥራዋን እንደምትሠራ፣ ኪኒኗንም አንድ ቀን አቋርጣ እንደማታውቅ ደረደረችላት። ሩሃማ እስክትጨርስ ጠበቀች።

"እኔን የሚያስቀረኝ ስኳሩ አይደለም" አለች። "ከዚያ ሆኜ ኮል ሳደርግልሽ ደህና ነኝ ነው የምትዪኝ። ዛሬ ሰባቴ እንዴት ነሽ አልኩሽ፤ ሰባቴም ደህና ነኝ አልሽኝ። ሰባተኛው ላይ ዛፍ ተደግፈሽ ነበር። እንዴት አምኜሽ ልሂድ?"

የኔነሽ ደህና ነኝ ማለት ውሸት ይሆናል ብላ አስባ አታውቅም፤ ሰላምታ ነው። እናቷም በስልክ ደህና ነኝ ልጄ፣ ስለእኔ አታስቢ ብለዋት በአራተኛው ቀን ነው መርዶ የመጣላት። ያኔ ለቀስተኛው ሁሉ ሲያጽናናት እሷን ያንገበገባት ሞታቸው ብቻ አልነበረም። ምነው አሞኛል ባሉኝ፣ ድምፃቸውን ደህና አድርጌ በሰማሁት እያለች ነው ያለቀሰችው። ለካስ እሷም ለልጇ ያንኑ እያዘጋጀችላት ኖሯል።

አራተኛው ኮረብታ ፊት ለፊታቸው ነው። ጫፉ ላይ ሦስት ጥድ ይታያል፤ ቢበዛ ሃያ ደቂቃ ቢያስኬድ ነው። ሩሃማ ዕቃውን እየሰበሰበች፣ ወደ መኪናው የሚወስድ አቋራጭ ስላለ ቀስ ብለን እንውረድ አለቻት።

"ጉልበቴን አሞኛል" አለች የኔነሽ። "ደክሞኛል። ያንን አልችለውም።"

ሩሃማ የያዘችውን እንደያዘች ቆመች። እናቷ አልችልም ስትል ሰምታ አታውቅም።

"አንቺ ግን ውጪው። መለኪያዬንና አንድ ጁስ ተዪልኝ። ስትደርሺ ደውዪ።"

"ብቻሽን ትቼሽ?"

"መለኪያው አለ አልኩሽ እኮ።"

ሩሃማ አመነታች። እንደገና ለካቻት፤ ስድስት ሆኗል። ባልና ሚስቱ ዘንድ ሄዳ አነጋገረቻቸው፤ እስክትመለስ ከዚህ አንነሳም አሏት። ዞር ዞር እያለች ወረደች። የኔነሽ ቢጫ ኮፍያዋን በዓይኗ ተከተለችው፤ ሸለቆው ዋጠው፣ ቆይቶ ማዶ ዛፉ መሀል ብቅ አለ፣ ሽቅብ ወጣ። ሴትዮዋ ልጅሽ ናት ወይ ብላ ጠየቀቻት። አዎ ልጄ ናት፣ ወደ ስኮትላንድ ልትሄድ ነው አለች፤ ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች።

ስልኩ ጮኸ። ማዶ፣ ከጥዶቹ ሥር፣ ቢጫ ኮፍያ ይውለበለባል።

"ማሚ፣ ደረስኩ። ታዪኛለሽ? እንዴት ነሽ?"

"ደህ..." አለችና ቃሉን መልሳ ዋጠችው።

"ቆይ" አለች፣ "እንዳትዘጊው።" ስልኩን ድንጋዩ ላይ አስቀመጠችና ጣቷን ወጋች።