ጋራዥ ስትደርስ የምትጠፋው መብራት

…እና ለምንድን ነው ያች ቀይ መብራት እርሱ ሲነዳ የምትበራ፣ ጋራዥ ስትደርስ የምትጠፋ፣ ይኸን እስከ ዛሬ የመለሰልኝ የለም፣ እኔም ለራሴ አልመለስሁትም፣ ይኸው ከመኪናዋ ሥር በጀርባዬ ተኝቼ፣ ሣሩ አንገቴን እየበላኝ፣ ነጭ ጋዝ የነከርሁትን ጨርቅ ደረቴ ላይ ይዤ ወደ ላይ አያለሁ፣ ብረት ነው፣ ጥቁር ብረት፣ የሞተሩ ሆድ ይለዋል ባሌ አንዳርጋቸው። ሆዱን ጥረጊልኝ ወለላዬ፣ ነገ ጋራዥ ስንገባ የመጨረሻችን ነው፣ እንደ ሙሽራ ሆና ትግባ።

እንደ ሙሽራ። እኔ ሙሽራ ስሆን እንኳ እንዲህ አልታጠብሁም።

እርሱ ወዲያ ከዋርካው ማዶ ከውሃው ዳር ነው፣ ልጃችንን ውዴን ትከሻው ላይ አስቀምጦ ከዘጌ እንጨት ጭኖ የመጣውን ታንኳ ያሳያታል፣ ድምፁ እዚህ ድረስ ይሰማኛል፣ እያት ያችን ወፍ፣ ከንፈሯ ከረጢት፣ እንዳንቺ ሆዳም፣ ልጄም ትስቃለች፣ ባለፈው ሳምንት በወባ ጥርስ ሳይኖራት ድዷ ሲንቀጫቀጭ የነበረች ልጅ ዛሬ ትስቃለች፣ ተመስገን፣ የእርሷን ነገር አሳለፍህልኝ፣ የእርሱንም አሳልፍልኝ።

መኪናዋ የእኛ አይደለችም፣ የእኛ ብትሆንማ ምን ነበረ፣ የመሥሪያ ቤቱ ናት፣ የሰፊው ሕዝብ ንብረት ይላሉ በስብሰባ፣ ባሌ ሾፌሯ ነው፣ ክትባት ጭኖ አንበሳሜ ይወጣል፣ ይፋግ ይሄዳል፣ ሌሊት ምጥ የጠናባት ሴት ካለች ስለሚጠሩት ግቢያችን ታድራለች፣ አዲስ ናት፣ የወንበሯ ላስቲክ ሳይነሳ ነው የተረከባት፣ ያን ቀን የነበረን ደስታ፣ ግቢ የምንጋራቸው እትየ የሺመቤት እንኳ ወጥተው፣ ለደግ ያድርግላችሁ ልጆቼ ብለው በሯን ዳብሰው፣ ጋራንቲ አላት አለኝ አንዳርጋቸው፣ ጋራንቲ ምንድን ነው አልሁት፣ እንደ ጫጉላ ነው አለኝ፣ ዓመት እስኪሞላት ብትታመም የሸጣት ኩባንያ በራሱ ጋራዥ በነጻ ያክማታል፣ ታዲያ ከኩባንያው ሰው በቀር ሞተሯን ማንም አይንካ ነው ሕጉ፣ ሌላ እጅ ከነካው ጋራንቲው ፈረሰ፣ ዕዳው በያዛት ሰው ላይ።

ሌላ እጅ። የእኔስ እጅ እጅ አይደል? ማጠብ መንካት መሆኑን ያን ጊዜ ማን አሰበው።

መብራቷ መጀመሪያ የታየችው ከአንበሳሜ ሲመለስ ነው፣ መንገድ ሲረዝም፣ ሞተሩ ሲግል፣ ከመሪው ፊት ቀይ ሆና ትበራለች፣ እኔም አይቻታለሁ፣ ማንቆርቆሪያ የመሰለች ስዕል ናት፣ ፊደል የቆጠረም ያልቆጠረም ያነባታል፣ ዘይት ጎደለ ማለት ናት፣ አንዳርጋቸው ሲቀልድ አማቴ ይላታል፣ ሳትጠራ ትመጣለች፣ ዓይኗን አቅልታ ታየኛለች፣ ሰው ፊት ሲሆን ግን ጨዋ ናት ይላል፣ እናቴን መሆኑ ነው፣ ባገኘሁት ጨርቅ እመታዋለሁ፣ እንስቃለን። እንስቅ ነበር።

ዘይት ሞልቶ ጋራዥ ገባ፣ እነርሱ ነዷት፣ ከተማውን አዞሯት፣ አልበራችም፣ ጤነኛ ናት ውሰድ። ወሰደ። ይፋግ ደርሶ ሲመለስ በራች። እንደገና ሞልቶ ገባ፣ አዞሯት፣ የለችም፣ ጤነኛ ናት አላልንህም እንዴ። እንዲህ እየሆነ ቆየና በመጨረሻ የጋራዡ ኃላፊ አቶ ቢያዝን ራሳቸው ከሥሯ ገቡ፣ ቱታቸው ሳይቆሽሽ ወጡ፣ ይኸን አንዳርጋቸው ራሱ ነው የነገረኝ፣ ራቱን ሳይነካ፣ እንጀራውን ዝም ብሎ እየጠቀለለ እየፈታ፣ ልጄ አሉት፣ ዘይት ወይ ይፈስሳል፣ ወይ ይጨሳል፣ ወይ ይሸጣል፣ ይኸ ሞተር ደረቅ ነው፣ እንደ ቆሎ የደረቀ፣ ጭስም አላየሁበትም፣ እንግዲህ የቀረውን አንተ ታውቃለህ። መካኒኮቹ ሳቁ። አንዱማ ሊትሩን በስንት ትለቀዋለህ ጓድ አለው። አንተ ምን አልህ አልሁት። ምንም። እንዴት ምንም? ምን ልበል ወለላዬ፣ ሳቁ እኮ።

ሳቁ እኮ ብሎኝ ትሪውን ወደ እኔ ገፋው።

ነገ ከመሥሪያ ቤቱ ኮሚቴ ይመጣል፣ ኮሚቴው ባለበት ትታያለች፣ ሥሯ ደረቅ ሆኖ ከተገኘ ጥፋቱ የሾፌሩ ነው ብለው ይፈርማሉ፣ ኢኮኖሚያዊ አሻጥር የሚሉት ነገር አለ፣ መሠረተ ትምህርት ስማር ከሰሌዳው ላይ አንብቤዋለሁ፣ አ፣ ሻ፣ ጥ፣ ር፣ ያን ጊዜ ፊደሎቹን መለየቴ ነበር ያስደሰተኝ፣ ቤት ሮጬ ለእርሱ ጽፌ አሳየሁት፣ ጎበዝ አለኝ፣ ሌላ ቃል ግን አስተምሩን በያቸው አለኝ። የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ክንዱ ለጠፋ ጎማ ተጠርቶ እንደ ወጣ ነው፣ ሚስቱ እስከ ዛሬ ምሳ ይዛ ወህኒ ቤት ትመላለሳለች፣ መንገድ ላይ ሳገኛት ምሳ ዕቃውን ነው የማይ፣ ዓይኗን አላይም፣ እንዴት አደርሽ እላለሁ ለምሳ ዕቃው። ፈጣሪዬ፣ ይኸን ሰው አትውሰድብኝ፣ ልጁ ስታስነጥስ ከእንቅልፉ የሚነሳ ሰው ዘይት ይሰርቃል? ከማን ተምሮ?

ልጥረግ። ተኝቼ ማሰብ ምን ያደርጋል፣ ፀሐይዋ እየዘቀዘቀች ነው።

ከላይ እርሱ ከሥር እኔ፣ ሥራችን እንዲህ ነው፣ እርሱን ትከሻው አያስገባውም፣ እኔ ቀጭን ነኝ፣ ጋራዥ በምትገባበት ዋዜማ ሁሉ እዚህ ሐይቁ ዳር እናመጣታለን፣ ሰው ፊት የሚቀርብ ነገር ታጥቦ ነው የሚቀርብ፣ እናቴ ዳኛ ፊት ስትቆም እንኳ ነጠላዋን አጥባ ፀጉሯን ተቀብታ ነው፣ ቆሽሾ መቅረብ ንቀት ነው ትላለች፣ እኔም ባሌን ዝርክርክ እንዳይሉብኝ ሆዱን ፈትጌ ፈትጌ፣ ጥቁሩን፣ የሚያጣብቀውን፣ የመንገድ ጭቃ ነው ብዬ፣ ነጭ ጋዝ ሲነካው ልቅም ብሎ ይወጣል፣ ብረቱ ያበራል፣ ከዚያ ተንፏቅቄ እወጣና ጨረስሁ እለዋለሁ፣ ግንባሬን ይስመኛል፣ ኤጭ፣ ኩራዝ የሳምሁ መሰለኝ ይላል፣ ደግሞ ይስመኛል።

ቆይ።

አሁን የጠረግሁት ቦታ። ሁለቱ ብረት የተጋጠመበት። አንድ ነገር ይቋጠራል፣ ቀስ ብሎ፣ ያብጣል፣ ይረዝማል፣ ጉንጬ ላይ ጠብ። ይሞቃል። ጭቃ ይሞቃል እንዴ? ዛሬ ከይፋግ እንደ ተመለሰ ሳትበርድ ነው ያመጣናት፣ ሌላ ጊዜ በርዳ ነበር። በጣቴ አሸዋለሁ፣ ያሟልጫል፣ አሸትተዋለሁ፣ እጠርገዋለሁ፣ እጠብቃለሁ፣ ደግሞ ይቋጠራል፣ ከዚያው ከመጋጠሚያው፣ ደግሞ ጠብ።

ዘይት ነው።

ዘይቱ ይኸው። ይፈስሳል። አልተሸጠም፣ አልተሰረቀም፣ ፊቴ ላይ እየፈሰሰ ነው። ግቢያችን መሬቱን የሚያጠቁረውስ፣ እትየ የሺመቤት ኧረ እናንተ ልጆች ግቢውን አጨቀያችሁት እያሉ፣ እኔ ነገር እንዳይበዛ እርሱ ሳይነሳ አመድ በትኜ ጠርጌ የምደፋው፣ እርሱም ይኸው ነበራ። የቱን መሬት አሳየዋለሁ አሁን፣ ሁሉን ጠርጌዋለሁ።

ሲስተር ሙሉነሽ ለምን ትዝ ትለኛለች፣ ነጭ ጋወኗ፣ ቁጣዋ። ውዴን ባተኮሳት ቁጥር በቀዝቃዛ ውሃ አጥቤ፣ ቀሚስ ቀይሬ፣ ቅባት ቀብቼ ነበር ጤና ጣቢያ የምወስዳት፣ ሲስተሯ ብብቷ ሥር ትለካታለች፣ ትኩሳት የለባትም፣ ውሰጃት፣ ቤት ስንደርስ ልጄ እንደ ምድጃ ትግላለች፣ ደግሞ አጥቤ እወስዳለሁ፣ ደግሞ የለባትም፣ ባለፈው ሳምንት ሲስተሯ ጮኸችብኝ፣ አንች ሴት ምን እያደረግሽ ነው የምታመጫት? አጥቤ ነው ሲስተር፣ ንጹሕ አድርጌ። በሞትሁት! በሽታውን እቤትሽ አጥበሽ ጥለሽ ልጅቱን ብቻ ነው እንዴ የምታመጭልኝ? ሲያንቀጠቅጣት ከነላቧ አምጫት፣ ንፍጧንም እንዳትጠርጊ። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔ መሬት መሬት አየሁ፣ ግን ከነላቧ ወሰድኋት፣ ከነንፍጧ፣ ሰው ሁሉ ምን ያለች ዝርክርክ ናት እያለ እያየኝ፣ ደሟን አዩ፣ ወባ ነው አሉ፣ ክኒን ሰጡ። ይኸው ትስቃለች ልጄ።

እና አቶ ቢያዝን ደረቅ ነው ሲሉ ያዩት ሞተሩን አይደለም። ያዩት የእኔን እጅ ነው። ለሾፌር ጎደሎ ዘይት ይዞ ጋራዥ መግባት ነውር ነው ብሎ ባሌ ከላይ ይሞላል፣ ለሚስት ቆሻሻ መላክ ነውር ነው ብዬ እኔ ከሥር እጠርጋለሁ፣ ሁለታችን ተባብረን፣ ተሳስመን፣ ተሳስቀን፣ የመኪናዋን በሽታ ደበቅንባቸው። ሌባ ያሰኘሁት እኔ ነኝ። በዚህ ጨርቅ። በፍቅር ደግሞ፣ ክፉ አስቤ ቢሆን ምናለበት፣ የሚቆጨኝ መፈተጌ ነው፣ ክንዴ እስኪዝል።

እጄ ጨርቁን ለቀቀው። አልጠርግም። ይኸንን ወስኛለሁ፣ ይንጠባጠብ፣ ነገ አንበሳሜ መንገድ ድረስ ነድቶ አግሏት፣ ከነጥቁሯ ከነጭቃዋ ኮሚቴው ፊት ትቁም፣ አቶ ቢያዝን ቱታቸው ይቆሽሽ።

ግን ሳልነግረው እንዴት? ጋራዥ ሊነዳት ሲል እጁን ከሥር ሰድዶ ሳይዳብስ አይሄድም፣ ጥቁር ካየ ወለላ ረስታው ነው ብሎ ራሱ ይጠርገዋል፣ እኔን ከሚያሳፍር እጁ ይቆሽሽ፣ እንዲህ ነው እርሱ። ስለዚህ ልንገረው። ብነግረው ደግሞ፣ ይኸ ሰው መዋሸት አይችልም፣ አንድ ጊዜ አርፍዶ ገብቶ ኃላፊው ለምን ቢለው ባለቤቴ ፀጉሯን ስትሠራ እያየሁ ቀረሁ ብሎ መሥሪያ ቤቱን ሁሉ አሳቀ፣ ነገም አቶ ቢያዝን ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ደረቀ ብለው ሲጠይቁት፣ ሚስቴ ትጠርገው ነበር ይላል፣ ቀጥ ብሎ ይላል፣ ሚስትህ? የመንግሥት መኪና ሞተር? ጋራንቲው ሌላ እጅ አይንካው አይልም? እነሆ ሌላ እጅ፣ የእኔ እጅ፣ ፈረሰ፣ ዕዳው በያዛት ላይ። ከሌብነት አውጥቼ በዚህ ባስገባውስ? ዘይት ሸጠ ከሚሉትና ሚስቱን አስነካ ከሚሉት የትኛው ነው ምሳ የሚያስመላልስ? ለእኔ ማን ያውቅልኛል፣ ፊደል ቆጠርሁ እንጂ ሕግ አላነበብሁ።

እርሱስ ምን ይለኛል፣ ይኸ ደግሞ አለ፣ ከሁሉ የምፈራው ይኸን ነው መሰለኝ፣ ሳቁ እኮ ያለኝን ያን ሳቅ የሰጠሁት እኔ መሆኔን ሲያውቅ። አይቆጣም። ቢቆጣ ደስ ይለኝ ነበር። ይስቃል፣ አማቴ አንቺን ልካ ነው የምታሠራው ይላል፣ ከዚያ ሌሊት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይተኛል፣ ተኝቷል ብዬ እንዳምን ይተነፍሳል፣ ያችን አተነፋፈሱን አውቃታለሁ።

ድምፁ ቀረበ። እግሩ ይታየኛል፣ የላስቲክ ጫማው ከነአሸዋው፣ ጎማው አጠገብ ቆመ፣ ይንበረከካል፣ ፊቱ ተዘቅዝቆ መጣ፣ የውዴም ፊት ተዘቅዝቆ ከጉንጩ ጋር፣ ሁለቱም ይስቁልኛል፣ እማዬ ጠፋችብን አይደል ውዴ፣ ምነው ዝም አልሽ፣ ጨረስሽልኝ ወለላዬ?

ጠብ አለ አሁንም፣ አንገቴ ላይ፣ እርሱ አላየውም።

እባካችሁ፣ ይኸን የምታነቡ፣ ባል ያላችሁ፣ ቢሮ ገብታችሁ የምታውቁ፣ ከእኔ ይበልጥ የተማራችሁ፣ ሁሉን ዘርዝሬ ልንገረውና ነገ እውነቱን ይናገር፣ ወይስ ሆዱን ብቻ አትንካው ብዬ የእኔን እጅ ልደብቅለት? እንደ እህት ሆናችሁ ምከሩኝ፣ እየጠበቀኝ ነው፣ ምን ብዬ ልመልስለት?