አንዴ ለሰው የተሰጠ አድራሻ

ፋኢዛና ምንዋጋው ሰቆጣ ላይ አብረው ተምረው ያደጉ፣ ኋላም አንዲት ክፍል ተከራይተው ለነጋዴዎች ሶፍትዌር መሥራት የጀመሩ ጓደኛሞች ነበሩ። ሶፍትዌራቸው የሱቅን ሥራ ደረጃ በደረጃ ይመራል፤ ዕቃ የሚረከብ ሰው በስልኩ የተላከለትን ሊንክ ሲነካ፣ መጀመሪያ ቁጠር፣ ቀጥሎ ፎቶ አንሣ፣ ከዚያ አጽድቅ እያለ እስከ መጨረሻው ያደርሰዋል።

ሥራው ሊያልቅ ሲል በሊንኩ አጻጻፍ ተከራከሩ። ፋኢዛ የሥራው ስም በቃል ይጻፍበት አለች።

«መጨረሻው ላይ ‹ዕቃ መረከብ› የሚል ያየ ሰው ሳይነካው ምን እንደሚከፍት ያውቃል። መልእክት ባይደርሰው እንኳ፣ ጋዝጊብላ ወረዳ ላለ ሰው ደውዬ ልነግረው እችላለሁ።»

«ቁጥር ይሻላል» አለ ምንዋጋው። «አጭር ነው። ነገ የሥራውን ስም ብንቀይር ሊንኩ አይበላሽም።»

«ለምን እንቀይረዋለን?»

ሲጨቃጨቁ ሰነበቱ። በመጨረሻ ምንዋጋው ሳቀና እጁን ዘረጋላት። «እሺ፣ ያንቺ ይሁን። አንዴ ለሰው የሰጠነውን አድራሻ ግን አንለውጥም።»

ተጨባበጡ። ሶፍትዌሩም ድረ ገጹም በምንዋጋው ስም ተመዘገቡ፤ ፋኢዛም ምንም አልመሰላት።

አክስቷ ሀሚዳ አምደወርቅ ውስጥ በጅምላ የሚነግዱ፣ ቃላቸው በገበያው የሚከበር ሴት ናቸው። ፋኢዛ በሚኒባስ ሄዳ አስተማረቻቸው። ምንዋጋው እንዴት ሐሳቧን ሰምቶ እንደተቀበላትም በኩራት አወራችላቸው። እሳቸው ደግሞ ጎረቤቶቻቸውን ጠርተው፣ «የወንድሜ ልጅ የሠራችው ነው፤ እኔ አለሁበት» አሏቸው። ነጋዴዎቹ አንድ በአንድ ጀመሩት።

ምንዋጋው ለዘመድ ሠርግ ብሎ አዲስ አበባ በሄደበት ሳምንት ሀሚዳ ደወሉ።

«ፋኢዛ፣ አይሱዙው ዕቃ ጭኖ በር ላይ ቆሟል። ሊንኩ አልከፈት ብሎኛል። የኔ ስልክ መስሎኝ ነበር፣ የጎረቤቶቼም እንደዚያው ነው።»

ፋኢዛ ራሷ ሞከረችው። «ገጹ አልተገኘም» ይላል። ምንዋጋው ጋ ደወለች፤ አያነሣም። ከሰዓት በኋላ ለሁሉም ነጋዴ አዲስ ሊንክ ተላከ። መጨረሻው የተደረደረ ቁጥር ነው። ፋኢዛን ያስደነገጣት ግን መጀመሪያው ነበር፤ እዚያ ላይ የተጻፈው ስም የእነሱ ሳይሆን ሰምታው የማታውቀው የአንድ አዲስ አበባ ድርጅት ስም ነው።

ምንዋጋው ሲመለስ ቢሯቸው ቁጭ ብላ ጠበቀችው።

«ሸጥኸው?»

«ሸጥሁት ማለት…» ወንበር ሳበ። «ትልቅ ድርጅት ነው ፋኢዛ። እኛ ብቻችንን የት እናደርሰው ነበር? ላንቺም ቦታ አስይዣለሁ፤ የዋግ ነጋዴዎች አሠልጣኝ ትሆኛለሽ።»

«ሊንኩን ለምን ለወጣችሁት?»

«የእነሱ ሲስተም ቁጥር ብቻ ነው የሚቀበለው። ከመጀመሪያውም እንደዚያ ነው።»

ፋኢዛ ከወንበሯ ተነሣች።

«ያኔ ስንከራከር ታነጋግራቸው ነበር?»

ምንዋጋው ወደ መስኮቱ ዞረ። «ቅር እንዲልሽ አልፈለግሁም» አለ።

እንዲህ ከሆነ ያ ሁሉ ክርክር ከንቱ ነበር። እሺ ያላት ሐሳቧን ወዶት ሳይሆን፣ የትም እንደማይደርስ ስላወቀ ነው። እጁን ሲዘረጋላት እንዴት እንደሳቀ ትዝ አላት፤ ከሽያጩ ይልቅ ያ ሳቅ አንገበገባት። ኮምፒውተሯን ይዛ፣ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ጥላለት ወጣች።

በማግሥቱ አምደወርቅ ሄዳ የሆነውን ለነጋዴዎቹ በየሱቃቸው ነገረች። አንዳንዱ አዘነላት፤ አንዳንዱ ግን እሷም የምታውቅ መስሎት ፊቱን አዞረባት። ሀሚዳ እስክትጨርስ ሰሟት።

«ሰዎቹ የገቡት በኔ ቃል ነበር» አሉ።

ወር ሳይሞላ ሀሚዳ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ደወሉ።

«ፋኢዛዬ፣ ዕቃ መጥቷል። አዲሱን ሁሉም ጀምሮታል፤ እኔስ ብቻዬን ምን ላድርግ? ቁጥሩን ነካሁት፤ አሁን የቱን ልጫን?»

አክስቷ የሚያዩትን ገጽ ከነቀለሙ የሠራችው ራሷ ፋኢዛ ናት፤ ሳታየውም ታውቀዋለች።

«አረንጓዴውን ይጫኑ» አለች። «መጀመሪያ ይቁጠሩ ይልዎታል።»

«አዎ፣ አለኝ። አላህ ይስጥሽ ልጄ።»

ስልኩ ተዘጋ። ፋኢዛ ቁልፉን ጥላ ከወጣችበት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች።